ጋሼ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ማሳረፍ ይቻላል?

ሰሞኑን ደሴ ላይ ቡና እየጠጣሁ፣ አብራሪ ለመሆን የሚያልሙ ሁለት ልጆች ስልካቸውን ዘረጉልኝ። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጫካ መሃል ካለ የሣር ሜዳ ላይ ዘጭ ትላለች። «ጋሼ፣ እኛስ እዚሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ብናሳርፍ ማን ይከለክለናል?» አሉኝ። ሳቅኩ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ይቺኑ ጠይቄያለሁ።

ቪዲዮው የአሜሪካ ነው፣ አይዳሆ። እዚያም ቢሆን ዝም ብሎ አይታረፍም። አላስካን ሳንቆጥር፣ ብሔራዊ ፓርኮቻቸው ውስጥ ከተመደበ ቦታ ውጭ ማረፍ ክልክል ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው ዱር ተብለው በተከለሉ ቦታዎችም ማረፍን ይከለክላል፤ ግን ከዚያ በፊት ይታረፍበት የነበረ ቦታ ሊቀጥል ይችላል ይላል። በዱሩ ክልል ውስጥ ያሉት የአይዳሆ ማረፊያዎች በዚች ቀዳዳ ነው የተረፉት፤ በ1980ም ሌላ ሕግ አጸናላቸው። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚኬደው ሲቪል አቪዬሽን ነው። ያለ ፈቃድ ብትወርዱ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስባችሁ የቀበሌው ሚሊሻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቪዲዮውን አላየውም።

እሺ፣ ተፈቀደ እንበል። መውረዱ ቀላል ነው፣ መነሣቱ ነው ጉዱ። የኮምቦልቻ ማረፊያ ከ1,850 ሜትር በላይ ነው፤ ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ብዙ ከፍ ይላል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ያጣል፣ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ መሮጥ ይፈልጋል። ስለዚህ በሰላም ያረፋችሁበት ሜዳ ለመነሣት ሊያጥራችሁ ይችላል። ቀትር ላይ ሲሞቅማ አየሩ ይብስ ይሳሳል፣ አታንሱት፤ በጠዋት ነው የሚነሣው። ሜዳውንም ከላይ አይታችሁ አትመኑት። በእግራችሁ ከጫፍ ጫፍ ሂዱበት፤ ኩይሳውና የከብት መንገዱ ከላይ አይታይም።

አንድ የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ሆኜ፣ ፈቃዴን በኪሴ ይዤ አንድ ገጠር ሜዳ ላይ አረፍኩ። ቆንጆ አስተራረፍ ነበር፣ ሰው ባያይልኝ ቆጨኝ። ለመመለስ አዞርኳትና ለመነሣት ሞተሩን ከፍ አደረግኩት። ከኋላዬ ዐውድማ እንዳለ ልብ አላልኩም። የፕሮፔለሩ ነፋስ የተወቃውን ጤፍ ጠራርጎ ሣሩ ላይ በተነው። ጤፍ ደግሞ እንደ ባቄላ አይለቀም።

ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ። ሽማግሌው አልጮሁብኝም። ደንግጬ ፈቃዱን አወጣሁና አሳየኋቸው። ገለበጡት፣ ማህተሙን አዩትና መለሱልኝ።

«አብሽር ልጄ፣ ደህና ወረቀት ነው» አሉኝ። «ይሄ መሬት የማን ነው ብለህ ግን የጠየቅኸው ማንን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። የጤፉን ከፍዬ ተነሣሁ።