መሥሪያ ቤቱ መቼ ነው ያወቀው?

ልጆቼ፣

ሕገወጥ ዓሣ ማስገርን እያየ ዝም የሚል መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚከሰስ ለምትጠይቁኝ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ይህን ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያ ክሴን ያቀረብኩት በንዴት ነበር። አንድ መረብ ይዤ ችሎት ገባሁ፤ ቀዳዳው ትንሿን ጣቴን እንኳ አያሳልፍም፤ በክሩ መሐል የዓሣ ጫጩቶች ተሰንቅረው ደርቀዋል። ዳኛው አገላብጠው አዩትና፣ "መሥሪያ ቤቱ ይህን መቼ ነው ያወቀው?" አሉኝ። ፎቶ ነበረኝ፣ ምስክር ነበረኝ፤ ለመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ አንድም ደብዳቤ ግን አልነበረኝም። መዝገቡ ተዘጋ። አሥጋሪዎቹ በር ላይ ከበው "ተሸነፍን ማለት ነው?" ሲሉኝ የተሰማኝ እፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም።

የዳኛው ጥያቄ ትክክል ነበር። ዓሣውን የዘረፈው ሌላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱን የምንከሰው መሥራት ሲገባው ባለመሥራቱ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ክስ ገና በቅድመ መቃወሚያ፣ ማለትም ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ተከሳሹ በሚያነሳው ተቃውሞ፣ ይወድቃል። መቀመጫው ሃምቡርግ የሆነው ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ለሰባት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የዓሣ ሀብት ኮሚሽን በሰጠው አስተያየት ይህንኑ አስረድቷል፦ የመርከቧ ባንዲራ ባለቤት የሆነው አገር መርከቧ ስላጠፋች ብቻ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ተገቢውን ትጋት ካላደረገ ነው። ለመንግሥት ማምለጫ የከፈተ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ለከሳሽ መንገድ ያሳየ ነው ባይ ነኝ። ትጋት በሥራ ይለካላ! ስንት ጊዜ ለፍተሻ ወጡ? ጥቆማ ሲደርሳቸው በስንት ቀን ተነሡ? ፈቃድ ሲያድሱ ያለፈውን ጥፋት አይተዋል? ቅጣቱስ ከተዘረፈው ዓሣ ዋጋ ይበልጣል? ቅጣት አጥፊውን ከጥፋቱ ያገኘውን ጥቅም ሊያሳጣው እንደሚገባ ያው አስተያየት ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የፊሊፒንስንና የቻይናን ክርክር ያዩ የግልግል ዳኞች፣ ቻይና መርከቦቿ ለመጥፋት የተቃረቡ የባሕር ፍጥረታትን ሲያጠምዱ እያወቀች ታግሳለች፣ ከለላም ሰጥታለች ብለው ወሰኑ። ቻይና ውሳኔውን አልተቀበለችም። "እያወቀች" የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉልኝ።

ስለዚህ ከክሱ በፊት ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የጀልባዋን ቁጥር፣ እንዲወሰድ የምትፈልጉትን እርምጃ። መዝገብ ቤት አስገቡና በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ገቢ ቁጥር ሳይመታ አትውጡ፤ ሠራተኛው "እንነግራቸዋለን" ቢላችሁም ቁሙ። ከዓመታት በኋላ ያሸነፍኩትን ክስ ያሸነፉልኝ አንድ አዛውንት አሥጋሪ ናቸው። ሌሊት የሚገቡትን ጀልባዎች ቁጥርና ሰዓት በእርሳስ የጻፉበት ደብተር ነበራቸው፤ ውሃ ነክቶት ገጾቹ ተጨማደዋል። በየገጹ መሐል ያስቀመጡት የደብዳቤ ቅጂ ሁሉ ማኅተም ነበረበት።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። መሥሪያ ቤት ሲከሰስ ሥራ ሠራሁ ለማለት በመቅዘፊያ የሚሄደውን ድሃ ለቃቅሞ ያስራል፤ ትልልቆቹ መርከቦች ያው ወደብ ላይ ዓሣቸውን ያራግፋሉ። ክሳችሁ ለዚህ መሣሪያ እንዳይሆን፣ ፍተሻው በማን ላይና የት እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ጻፉ።

ዳኝነት ስትጠይቁም "ግዴታውን ይወጣ" ብላችሁ አታቁሙ። የማኒላ ባሕረ ሰላጤ ነዋሪዎች በብክለቱ ምክንያት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሱ፤ የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ማብቂያ ላይ ፈረደላቸው። የዓሣ ሀብት ቢሮውንና የባሕር ጠረፍ ጥበቃውን ጨምሮ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ለየብቻ ከዘረዘረ በኋላ፣ በየሦስት ወሩ ሪፖርት እንዲያቀርቡለት አዘዘ። እናንተም መሥሪያ ቤቱን በስሙ፣ ሥራውን በዝርዝር፣ ሪፖርቱን በቀን ቆርጣችሁ ጠይቁ። ከክሱ እስከ ፍርዱ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ማኅተም ያለባቸውን ቅጂዎች ሁለት ቦታ አስቀምጡ።