እናትሽ መቅኔ ከሚወሰድባቸው ይልቅ በደም ብቻ ቢመረመሩስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ ሲኤምኤል (ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር) ተብለዋል። ሐኪሙ መቅኔ ይወሰድ ብሏል፤ እሳቸው መርፌውን ፈርተው አሻፈረኝ ብለዋል። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ደግሞ «ሊኩዊድ ባዮፕሲ የሚባል በደም ብቻ የሚሠራ ምርመራ አለ፤ ብር ልላክና እሱ ይሠራላት» ይላል። ይሆናል ወይ ነው ያልሽው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚሁ በሽታ ጋር ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

መቅኔው አንዴ ይወሰድ። ሐኪሙ የሚፈልገው በሽታው መኖሩን ብቻ አይደለም፤ የት ደረጃ እንደደረሰም ነው። ያልበሰሉት ሴሎች መቅኔው ውስጥ ምን ያህል እንደሆኑ፣ የበሽታው መለያ ከሆነው ከፊላደልፊያ ክሮሞዞም ሌላ የተበላሸ ነገር መኖር አለመኖሩን የሚያየው ከዚያ ነው። ሕመሙን አልደብቅሽም። ማደንዘዣ ይወጋሉ፤ ሆኖም መቅኔው ሲሳብ ለጥቂት ሴኮንድ እስከ እግር የሚወርድ ክፉ ስሜት አለ። ከዚያ አለቀ። እኔ በማግሥቱ ሥራ ገብቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ክትትሉ በአብዛኛው በደም ነው። ወንድምሽ የሰማው ምርመራ ስሙ የገነነው በሳንባ፣ በጡትና በአንጀት ካንሰር ነው። እዚያ ዕጢው ሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ከሚሞቱት ሴሎቹ ወደ ደም የሚገባውን ዲኤንኤ ነው የሚለቅሙት። የእኛ በሽታ ከመነሻው ደም ውስጥ ይዞራል። በ1960 ኖዌልና ሃንገርፎርድ ፊላደልፊያ ላይ አጭሯን ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው እንደሆነ አሳየች። ከዚያ ልውውጥ የሚወለደው የተጣበቀ ጂን ቢሲአር-ኤቢኤል ይባላል። ፒሲአር የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ የሚቆጥረው የእሱን ምልክት ነው፤ ከክንድ በተቀዳ ደም። እንግዲህ ወንድምሽ የሚፈልገው ነገር ለእኛ ድሮም አለ፤ ስሙ ሌላ ሆኖ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ክኒኑ (ለምሳሌ እኔ የምውጠው ኢማቲኒብ) ከተጀመረ በኋላ ነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ይወርዳል፣ ያበጠው ጣፊያ ይሟሽሻል፣ ሰውዬው «ድኛለሁ» ይላል። የእኔ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ጤናማው ልክ ገባ። ተራው የደም ቆጠራ ከዚያ በኋላ ብዙም አይነግርሽም። ረመጡ ከአመዱ ሥር አለ። እሱን አጥርቶ የሚያየው ፒሲአር ነው።

ውጤቱ በመቶኛ ነው የሚመጣው። በሦስት ወር ከ10 በታች፣ በስድስት ወር ከ1 በታች፣ በዓመት 0.1 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ሐኪሞች ደስ ይላቸዋል። የእኔ በሦስት ወር 12 ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። ሐኪሜ ግን «አቅጣጫው እየወረደ ነው፣ እንጠብቅ» አለኝ። በስድስት ወር 0.9 ሆነ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። በአራተኛው ዓመቴ ቁጥሩ 0.04 ደርሶ ነበር። ሁዳዴ ገባ። ኢማቲኒብ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ነው የሚዋጠው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዚያ በባዶ አንጀት ስውጠው ያቅለሸልሸኛል፤ አንዳንዱን ቀን «ነገ እውጣለሁ» እያልኩ ተውኩት። ከፋሲካ በኋላ ስለካ 0.6። ሐኪሙ «ክኒኑን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ?» ሲለኝ ዓይኑን እያየሁ «አዎ» አልኩ። እሱ ምን ያድርግ? መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ይሆናል ብሎ የሚውቴሽን ምርመራ (ጂኑ ተለውጦ መድኃኒቱን መቋቋም ጀምሮ እንደሆነ የሚያይ) አዘዘ። ናሙናው ውጭ አገር የሚላክ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ላይ ዘግይቶ ተበላሽቶ «ለምርመራ አይበቃም» ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ከፈልኩ። ውጤቱ መጣ፤ ሚውቴሽን የለም። ያን ቀን ነው እውነቱን የተናገርኩት። የንስሐ አባቴን ሳማክር «በሽተኛ ነህ፤ ጠዋት ቁርስህን በልተህ ዋጥ» አሉኝ። በሦስት ወሩ ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ። እናትሽም የሚጾሙ ከሆነ ከወዲሁ አነጋግሪያቸው። ጠበልም ከሄዱ ክኒኑ አብሮ ይሂድ።

ስለ ናሙናው። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው የሚቀዳው፤ የሚቆጠረው አርኤንኤ (ሴሉ ከጂኑ የሚገለብጠው ቅጂ) ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። የት እንደሚሠራና መቼ እንደሚደርስ ሳትጠይቂ አታስቀጂ። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ለዚህ በሽታ የሚሆን የራሱ ካርትሪጅ አለው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ካርትሪጁ መኖሩን ደውለሽ ጠይቂ። ከቻልሽ ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይሁን፤ ውጤቱም «ኢንተርናሽናል ስኬል» (ሁሉም የሚስማማበት የጋራ መለኪያ) የሚል ይኑርበት። የተለያየ ቦታ የተለካ ቁጥር ማወዳደር በሁለት ነጋዴ ሚዛን ቡና መመዘን ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ። የጂኑ አጣባበቅ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ሰው ፒ210 የሚባለው ነው ያለው። ጥቂቶች ሌላ ዓይነት አላቸው፤ እነሱን ያ ካርትሪጅ አያያቸውም፤ በሽታው እያለ «የለም» ይላል። ስለዚህ ዓይነቱ ገና ከጅምሩ ይታወቅ።

ከዚህ በታች «የእኔ ሊምፎማ ነው፣ ለእኔስ?» ያልሽው እህት፣ ነገሩ ለአንቺ ይለያል። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ላይ ደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ዲኤንኤ መከታተል ተስፋ የሚጣልበት ነው፤ ዓይነቱን ለመለየት ግን አሁንም ከንፍፊቱ ተቆርጦ መታየት አለበት። መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው ሌላው የደም ካንሰር ደግሞ መቅኔ ውስጥ እዚህም እዚያም ስለሚሸጎጥ ደሙ ንጹሕ መስሎ ሊያታልል ይችላል።

ወንድምሽ ብሩን ይላክ፤ ግን በስም ለገነነው ምርመራ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ኢማቲኒብ በእርዳታ በነፃ ሲመጣላቸው የኖሩ ብዙ ሕሙማን አሉ፤ መጀመሪያ እሱን አጣሪ። የወንድምሽ ብር ለየሦስት ወሩ ፒሲአር ይቀመጥ። በነገራችን ላይ እናትሽ መጀመሪያ ሲመረመሩ ጣፊያቸውና ነጭ ሴላቸው ስንት ተብሏል? ወረቀታቸው ላይ ፒ210 የሚልስ አለበት? ካለ ስማቸውን ሸፍነሽ ጻፊልን።