የንግግር መርጃ መሣሪያ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ሥዕል ሲነካ ድምፅ ስለሚያወጣው መሣሪያ፣ በተለይም መናገር ያቃተው ልጅ ያለ ጉትጎታ በራሱ እንዲናገርበት ስለማድረግ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (እናት፣ አዲስ አበባ)፦ አማቴ «መሣሪያውን ከለመደ መናገሩን ይተዋል» ብለው ይሰጋሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይተውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ እንደ ምልክትና ሥዕል ባሉ ሌሎች መንገዶች መግባባትን ከሠለጠኑና በጥንቃቄ ከተመዘኑ 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰ አንድም ሰው አላገኘም፤ የብዙዎቹ እንዲያውም ጨምሯል። ይህንኑ ለአማትዎ በአክብሮት ያስረዱልኝ።

ጥያቄ (አባት፣ ሐዋሳ)፦ መሣሪያውን ከገዛን አራት ወር ሆነን። «ውሃ በል» ካላልኩት አይነካውም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእነዚህ አራት ወራት እርስዎ ራስዎ ስንት ጊዜ በመሣሪያው ተናገሩ? ሕፃን አፉን የሚፈታው አንድ ዓመት ያህል ሲናገሩ ሰምቶ ነው፤ በመሣሪያው ግን ማንም ሳያናግረው እንዲናገር እንጠብቅበታለን። ቡናው ሲፈላ «ትኩስ ነው»፣ በሩ ሲንኳኳ «ማን ነው?» የሚለውን እየነኩ ያውሩ እንጂ ልጁን አይፈትኑት። ተራው ሲደርስ ደግሞ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ።

አንድ ቀን ከአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅና ከእናቱ ጋር ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ እናቲቱን አይቶ «ምን ይፈልጋል?» አላት። እሷ ቦርሳዋን የምትፈልግ መስላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ልጁ ታብሌቱን መደርደሪያው ላይ አስደግፎ ጥቂት ቆየና «ማስቲካ» ነካ፤ ባለሱቁ አንዱን ሲያነሣ «ሌላ» ነካ፤ ሌላ ሲያነሣ «እሱን» ብሎ በጣቱ አሳየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለሱቁ የሚጠይቀው ልጁን ነው። እጁን ይዛችሁ አታስነኩት፤ በቅጣት መሣሪያውን አትንጠቁት።

ጥያቄ (እናት፣ ቨርጂንያ)፦ ትምህርት ቤቱ ለልጄ የሰጣት መሣሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አማርኛ ብጨምርበት ያደናግራታል?

አባት፣ ሜሪላንድ፦ እህቴ፣ እንግሊዝኛው ይበቃታል፤ አንዱን በቅጡ ትልመድ።

አክስት፣ ጎንደር፦ አያቷ ስልክ ሲደውሉ በምን ትመልስላቸው? እንግሊዝኛ አያውቁም።

አባት፣ ሜሪላንድ፦ እናት ታስተረጉማለች።

መልስ፦ ልጅ ከአያቷ ጋር በአስተርጓሚ እንድታወራ መፍረድ ልክ አይደለም። ሁለት ቋንቋ አያደናግራትም፤ የሚያደናግራት በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ አማርኛ ነው። «እኔ» «መፈለግ» «ውሃ» የሚሉ ሦስት ሥዕሎችን በተርታ ብትነካ የሚወጣው ድምፅ ማንም ሰው የማይናገረው ነው፤ በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ «እፈልጋለሁ» የሚለው ቃልም «እኔ»ን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ አንድ ገጽ ለብቻው ሠርታችሁ ያለቀለትን ቃል ቅዱበት፦ «አልፈልግም»፣ «ቆይ»፣ «ይበቃኛል»፣ «ለምን?»። «ስጠኝ» ለወንድሟ፣ «ስጪኝ» ለእህቷ፣ «ይስጡኝ» ለአያቷ ነውና ሦስቱም ቁልፍ ይኑራቸው፤ አክብሮትን በዚሁ ትማራለች። ድምፁን የምትቀዳው እኩያዋ የሆነች ልጅ ትሁን እንጂ አጎቷ አይሁን። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ጉሮሮው በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ድምፁን ካጣ በኋላ የለመደውን የኮምፒዩተር ድምፅ የተሻለ ሲመጣለትም አልለወጠም፤ ድምፁ ያ ሆኖ ነበርና። አንዴ ያስቀመጣችሁትን ቁልፍም ቦታውን አትቀያይሩት፤ ጣቷ መንገዱን ለምዶታል።

ጥያቄ (እዚያው ቨርጂንያ)፦ መሣሪያው ግን ዓርብ ዓርብ ትምህርት ቤት ይቀራል።

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ የልጅቷን የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ቡድን መሣሪያው ቤትም ያስፈልጋታል ካለ ትምህርት ቤቱ ሊከለክል አይችልም። በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ (አባት)፦ ልጄ አይናገርም፤ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም። ዕድሜውን፣ መስማቱና ማየቱ መመርመሩን፣ በጣቱ ለይቶ መንካት መቻሉን ይጻፉልኝ።

ጥያቄ (እናት፣ ባሕር ዳር)፦ እራት ላይ አሥር ጊዜ «ዳቦ» «ዳቦ» እያለ ይረብሻል። ለጊዜው መሣሪያውን ብወስድበትስ?

መልስ፦ ይህን ከላይ ተናግሬአለሁ፤ አትውሰዱበት። የሚጮህን ልጅ አፉን አንሰፋውም። «ሰማሁህ፣ ዳቦው አልቋል» ይበሉት፤ «አልቋል» የሚለውንም ራስዎ ነክተው ያሳዩት።

ጥያቄ (እናት፣ አዳማ)፦ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅስ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ገጽ በወረቀት አትመው በላስቲክ ያሽጉት፤ አንዱን ቦርሳው ውስጥ፣ አንዱን ማዕድ ቤት ይስቀሉት። የሥዕሎቹ ቦታ ከመሣሪያው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን።