«የሜሎቲ ወራሾች ወኪል ነኝ» ላለ ሰው ገንዘብ ልክፈል?

ጥያቄ፦ አባቴ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አስመራ በሚገኘው የሜሎቲ ቢራ ፋብሪካ ሾፌር ነበር። አሁን ቤተሰቡ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ሰሞኑን አንድ ሰው መጥቶ «የባለቤቶቹ የልጅ ልጆች ከጣሊያን ውክልና ሰጥተውኛል፤ ፋብሪካው ሊመለስላቸው ነው፤ ለድሮ ሠራተኞች ልጆች አክሲዮን በቅድሚያ ይሸጣል» አለን። መያዣ 80 ሺህ ብር ይፈልጋል። ላሚኔት የተደረገ የውክልና ፎቶ ኮፒም አሳይቶናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ አንድ ብር እንዳይሰጡት።

ሉዊጂ ሜሎቲ ፋብሪካውን ያቋቋመው በጣሊያን ቅኝ ግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ሚስቱ ኤማ መራችው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ድርጅቶችን በአዋጅ ሲወርስ ግን ፋብሪካው የመንግሥት ሆነ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 826 መሠረት ወራሽ የሚተካው ሟች ሲሞት በነበሩት መብቶችና ግዴታዎች ነው። ስለዚህ ደርግ ፋብሪካውን ከወረሰ በኋላ የሞተ ባለቤት ለልጆቹ ሊያስተላልፍ የሚችለው ቢበዛ የካሳ ጥያቄን ነው፤ ፋብሪካውን አይደለም። ጣሊያንም በውጭ አገር ንብረታቸውን ላጡ ዜጎቿ እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1985 የካሳ ሕጎች አውጥታለች። ይህ የቤተሰቡና የሮም ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ተቆርሶ ለእርስዎ የሚሸጥ አክሲዮን የለም።

ምናልባት ሰውዬው አዋጅ ቁጥር 110/1987ን ይጠቅስልዎ ይሆናል። ብዙ ደላላ በዚህ አዋጅ ሲነግድ አይቻለሁ። አዋጁ የሚመለከተው በደርግ ጊዜ ከመውረሻ አዋጆቹ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶችን መመለስን ነው፤ በአዋጅ የተወረሰን ሁሉ መልሱ አይልም። ደግሞስ ፋብሪካው ያለው አስመራ ነው። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የእኛ ፍርድ ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት እዚያ ያለ ፋብሪካ ለማንም ሊመልስ አይችልም።

አሁን ወደ ፎቶ ኮፒው እንምጣ። ጣሊያን አገር የተሰጠ ውክልና እዚህ እንዲሠራ እዚያ ባለው ኤምባሲያችን፣ ከዚያም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ማኅተሞቹን ይፈልጉ። ዋናውን ሰነድ ይጠይቁ፤ ላሚኔት ማድረግ ኮፒን ዋና አያደርገውም። የሚሸጥ ነገር ካለ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መስጠት አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205)፤ «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም። ውክልና ሰጪው ከሞተ ደግሞ በመርህ ደረጃ ውክልናው አብሮ ያበቃል። ይሄ ሁሉ ቢሟላ እንኳ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጠው በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተመዝግቦ ነው እንጂ ሳሎን ቁጭ ብሎ አይደለም።

አባትዎ እዚያ መሥራታቸው የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ የባለቤትነት ድርሻ ግን አያስገኝም።

ከሰውዬው ጋር አይጣሉ፣ አያስፈራሩትም። የላከልዎትን መልእክት አይደምስሱ፤ ኮፒውን ከሰጣችሁ ያስቀምጡት፣ የመጣበትን ቀንና አብረውት የነበሩትን ይጻፉ። ከዚያ በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ አቤት ይበሉ፤ ማታለል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 ያስቀጣል፣ ሙከራውም ቢሆን። ከወንድም እህትዎ መካከል አስቀድሞ በባንክ የላከለት ካለ ዛሬውኑ ለባንኩ ያሳውቅ፤ ደረሰኙንም ይዞ ወደ ፖሊስ ይሂድ።