ሞለኪውሉ ያው፣ ቀለሙ ሌላ

ጥያቄ፦ የቢርን ሕግ (የሟሟው ቀለም በበዛ ቁጥር የሚመጠጠው ብርሃን በዚያው ልክ ይጨምራል የሚለውን) ለተማሪዎቼ ለማሳየት ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በውኃ እያቀጠንኩ፣ የተመጠጠውን ብርሃን በሚለካው መሣሪያ በስፔክትሮፎቶሜትር እንለካለን። ቀጭን ሲሆን ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ያርፋሉ። እየወፈረ ሲሄድ ግን መስመሩ ይጎብጣል፤ ቀለሙም ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ያደላል። አንድ ተማሪ «ሞለኪውሉ ካልተለወጠ ቀለሙን ምን ነካው?» ብሎ ያዘኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?
የኬሚስትሪ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀው ዋናውን ነገር ነው። ያ የጎበጠው ክፍል ብዙ ጊዜ «ከሕጉ ወጣ» ተብሎ ይታለፋል፤ እኔ ግን ከሙከራው ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ።

የቢር ሕግ እያንዳንዱን ሞለኪውል ጎረቤት እንደሌለው አድርጎ ይቆጥራል። ሜቲሊን ብሉ ግን ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ገጽ ለገጽ እየተነባበረ ጥንድ ጥንድ ይሆናል። ብቻውን ያለው ሞለኪውል አብዝቶ የሚመጥጠው በ664 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቀይ ብርሃን ሲሆን፣ ጥንዶቹ የሚመጥጡት ግን 610 አካባቢ ያለውን ነው። ስለዚህ ቀዩ በከፊል ያልፋል፤ ሐምራዊ መልኩም ከዚያ ይመጣል።

ለምን? ብርሃን ሲያርፍበት የሞለኪውሉ ኤሌክትሮኖች በርዝመቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ በየቅጽበቱ አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እኩል ሲወዛወዙ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩ ከኔጌቲቭ ይገጥምና ይገፋፋሉ። እነሱን ለማነሣሣት ተጨማሪ ኢነርጂ ይጠይቃል፤ ይህም አጭር የሞገድ ርዝመት ማለት ነው። ጫፍ ለጫፍ ከተሰለፉ ደግሞ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ይሳሳባል፤ ኢነርጂው ዝቅ ይላል፣ የሚመጠጠው ብርሃንም ወደ ቀይ ይሸሻል። ሁለት የማግኔት ዘንጎች ይዘው ክፍል ቢገቡ ልጆቹ በእጃቸው ያዩታል። ይህን በሥርዓት ያስቀመጠው አሜሪካዊው ኬሚስት ማይክል ካሻ ነው። በስሌቱ መሠረት ሞለኪውሎቹ ከሰልፋቸው መስመር ጋር 54.7 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብሉ መገፋፋቱና መሳሳቡ ይጣፋሉ።

የጫፍ ለጫፉን ሰልፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤድዊን ጄሊ በእንግሊዝ፣ ጉንተር ሻይበ በጀርመን ለየብቻቸው ደረሱበት። ሱዶአይሶሲያኒን የተባለው ቀለም በቀጭኑ ሲሟሟ 525 ናኖሜትር አካባቢ ሰፊ ጉብታ ያሳያል። ሲወፍር ወይም ጨው ሲጨመርበት 573 አካባቢ እንደ መርፌ የቀጠነ ጫፍ ብቅ ይላል፤ ያነሣሣው ኢነርጂ በብዙ ሞለኪውሎች ላይ ስለሚዘረጋ የየአንዳንዱ ጥቃቅን ልዩነት ይካካሳል። የፎቶ ፊልም ሠሪዎችም ተጠቅመውበታል፤ ብርሃኑን የሚቀበለው የፊልሙ ሲልቨር ብሮማይድ በራሱ ለአረንጓዴና ለቀይ ዕውር ነውና።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ አረንጓዴው የድኝ ባክቴሪያ ነው። ክሎሮሶም በሚባለው ከረጢቱ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የባክቴሪዮክሎሮፊል (ብርሃን የሚመጥጠው የባክቴሪያው ቀለም) ሞለኪውሎች ፕሮቲን ሳያቅፋቸው እርስ በርስ ተያይዘው ይሰለፋሉ። በሜታኖል ሲሟሟ 670 ናኖሜትር አካባቢ የሚመጥጠው ባክቴሪዮክሎሮፊል ሲ፣ በከረጢቱ ውስጥ ወደ 740 እና 750 ይሻገራል። በሰልፉ የተያዘው ኢነርጂም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ወደሚፈለግበት ይደርሳል። እንዲህ ተጠቅጥቀው ስለሚሰለፉ ባክቴሪያዎቹ እጅግ በደከመ ብርሃን ይኖራሉ፤ በጥቁር ባሕር ውስጥ 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተገኝተዋል።

ወደ ክፍልዎ ልመለስ። 664 ላይ ብቻ ሳይሆን 610 ላይም ይለኩና ያነጻጽሩ። ቀጭን ሲሆን የ664ቱ ንባብ ከ610ሩ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ሲወፍር 610ሩ እየተጠጋ መጥቶ ይበልጠዋል። ንባቡ (አብዞርባንሱ) ከ2 ካለፈ ግን ጉብጠቱ የመሣሪያው ሊሆን ስለሚችል ለወፍራሙ ብርሃን የሚያልፍበት ውስጡ 1 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ኩቬት (የናሙና መያዣ) ይጠቀሙ። ከዚያ በዚያው መጠን በውኃ ፋንታ በኢታኖል ያዘጋጁት፤ ጥንዶቹ ይፈታሉ፣ 610 ላይ ከዋናው ጫፍ ጎን ያለው ትከሻም ይወርዳል። ዋናው ጫፍ በኢታኖል ጥቂት ስለሚንሸራተት ለልጆቹ ሙሉውን ስፔክትረም ያሳዩአቸው። ሜቲሊን ብሉ የኩቬት ግድግዳ ላይ ይለጠፋልና ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ይለኩ፤ በየመሃሉም በአልኮል ያጥቡት።