መልስ፦ በመርከብ ጉዞ ኖርዌይ ውስጥ በርገን ከተማ ላይ 5 ሰዓት ብቻ ስንቆም ቱር ልግዛ ወይስ ከእናቴ ጋር በእግር ልውጣ?

ቱሩን አትግዢ፣ በእግር ውጡ። 5 ሰዓት ይበቃችኋል፣ ወደቡ ዙሪያ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ እናትሽ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ቀስ እያሉ ይችሉታል።

መርከቡ የት እንደሚቆም ግን ቀድመሽ ጠይቂ። ስኮልተን ከሆነ በርገንሁስ ምሽግን አልፋችሁ ብሪገን (የድሮዎቹ የእንጨት ቤቶች ሰፈር) ለመድረስ 10 ደቂቃ ምናምን ነው። ዬክተቪከን ከሆነ ወደቡ ውስጥ በእግር መሄድ አይፈቀድም፣ በባስ ነው የሚያወጧችሁ።

ብሪገን ስትደርሱ ከፊት ለፊት ፎቶ አንስታችሁ ብቻ እንዳትሄዱ በናትሽ። በቤቶቹ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ግቡ፣ ዋናው ነገር እዛ ነው፣ ወለሉም ግድግዳውም ደረጃውም እንጨት፣ ቤቶቹ ደግሞ ዘመም ዘመም ብለው እርስ በርስ የተደገፉ ይመስላሉ። ሃንሳ የሚባለው ማህበር የጀርመን ነጋዴዎች ከሰሜን የሚመጣውን የደረቀ አሳ የሚነግዱበት ሰፈር ነበር፣ በ1702 ከተቃጠለ በኋላ በድሮው አሠራር መልሰው ሠሩት፣ ዩኔስኮ በ1979 መዝግቦታል (በፈረንጆቹ ነው)። ዝናብ እዛ አይጠፋም፣ ጣውላው ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት እጃቸውን ያዢ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ፍሎይባነንን፣ ማለት ተራራው ላይ የሚወጣውን ባቡር፣ ለመጨረሻ ብዬ አቆየሁት። የዛን ቀን ሶስት መርከብ ቆሞ ስለነበር ሰልፉ መንገድ ላይ ወጥቷል፣ ሳልወጣ ተመለስኩ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ እንደወረዳችሁ በቀጥታ ወደሱ ሂዱ፣ ከብሪገን ቅርብ ነው፣ 320 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣችኋል፣ እናትሽም ሳይደክሙ ከተማውን ሙሉ ከላይ ያዩታል። ብሪገንን ስትመለሱ ትደርሱበታላችሁ።