ካረጡ በኋላ ማህፀን ለምን ይወርዳል?

እናትሽ ከወለዱ 20 ዓመት አልፏቸው ማህፀናቸው ለምን አሁን እንደወረደ ጠይቀሻል። ወሊዱ ያላላው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ድሮም አለ፤ ማረጥ ነው የሚያባብሰው። ማህፀንን የሚይዙት ጅማቶች፣ የብልት ግድግዳና የሽንት ቧንቧው ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበሉ ሪሴፕተሮች (ተቀባዮች) አሏቸው። ሲያርጡ ሪሴፕተሮቹ ጨርሰው አይጠፉም፣ የሚደርሳቸው ሆርሞን ነው በጣም የሚያንሰው፤ ያኔ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ አካሉን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ይዳከማል፣ ግድግዳውም ይሳሳል።

ብልት ውስጥ የሚቀባው የኢስትሮጅን ክሬም ድርቀቱንና ሽንት ማጣደፉን ያቀላል። የወረደውን ግን መልሶ አይሰቅልም። ለሱ የዳሌ ጡንቻ ስፖርት፣ ብልት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን የሚደግፈው ፔሳሪ የሚባል ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና አለ።

የእኔ እናት ካረጡ በኋላ ያዩትን ደም አፍረው ለወራት ደብቀውናል። ጠብታም ብትሆን ክሬሙ ሳይጀመር የማህፀን ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ እባክሽ እናትሽን ደም አይተው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው።